ሶል ከማሠራትዎ በፊት፦ የሯጮች ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን የሯጮች ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ጫማ ውስጥ ስለሚገባው፣ በእግር ልክ ስለሚሠራው ሶል የሚጠይቁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን ስድስቱን መርጠናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ። ከአራት ወር ወዲህ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መሬት ስረግጥ ተረከዜን ከሥር ይወጋኛል። ትንሽ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል፤ ሮጬ አረፍ ብዬ ስነሳ ደግሞ ይመለሳል። የእግር ሐኪም በልክ የሚሠራ ሶል አዘዘልኝ። ዋጋው 550 ዶላር ነው፤ ኢንሹራንስሽ አይሸፍነውም አሉኝ። ይህን ያህል ገንዘብ ይገባዋል?

መልስ፦ ለጊዜው አያውጡ። የገለጹት የፕላንታር ፋሺያ ሕመም ይመስላል። ፕላንታር ፋሺያ ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ወፍራም ጅማት ነው፤ የሚታመመውም ብዙ ጊዜ ከተረከዙ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ነው። ሌሊት አርፎ ያደረው ጅማት ጠዋት ድንገት ሲለጠጥ ያ የሚያውቁት ውጋት ይመጣል።

ለዚህ ሕመም በልክ የተሠራ ሶል ከሱቅ ከሚገዛው ይሻላል ወይ የሚለው ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ሕሙማኑ ለሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ስስና ለስላሳ ስፖንጅ ብቻ፣ ሁለተኛው ዝግጁ ሶል፣ ሦስተኛው በልክ የተሠራ ሶል ተሰጠው። በሦስተኛው ወር ሁለቱ ሶሎች ያደረጉት ሰዎች ከስፖንጁ ቡድን ይልቅ እንደልባቸው መንቀሳቀስ ችለው ነበር፤ በዓመቱ ግን ልዩነቱ ጠፋ። በልክ የተሠራው ከዝግጁው የበለጠበት ጊዜ አልታየም።

ስለዚህ ከርካሹ ይጀምሩ። ከሁሉ የሚረክሰው ፕላስተር ነው። የማይለጠጥ፣ ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የስፖርት ፕላስተር ይግዙ። እግርዎን አጥበው በደንብ ያድርቁ። አንዱን ቁራጭ በውጭ በኩል ከትንሿ ጣት ሥር ጀምረው፣ በተረከዝዎ ኋላ አዙረው፣ በውስጥ በኩል አውራ ጣት ሥር ያድርሱት። ከዚያ ሦስት ወይም አራት አጫጭር ቁራጮችን ከውጭው ጠርዝ ወደ ውስጠኛው በእግርዎ ሥር አሳልፈው፣ አንዱ የሌላውን ግማሽ እየሸፈነ ይለጥፉ፤ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ወደ ላይ ሳብ ያድርጓቸው። በመጨረሻ እንደ መጀመሪያው ባለ አንድ ዙር ጫፎቹን ይሸፍኑ። ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ፤ ካሳከከዎት ወዲያው ያንሱት። በነዚያ ሁለት ጠዋቶች ሕመሙ በግልጽ ከቀነሰ እግርዎ ድጋፍ ይወዳል ማለት ነው፤ ሶልም ሳይረዳዎት አይቀርም።

ቀጥሎ ዝግጁ ሶል ነው። እዚያው አሜሪካ ከ40 እስከ 60 ዶላር ጥሩ ይገኛል። ሲመርጡ መሐሉን በሁለት እጅ ይጠፉት፤ እንደ ጨርቅ ከታጠፈ ይተዉት። ተረከዝ የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ፣ ርዝመቱም እስከ ጣት የሚደርስ ይሁን። የጫማውን የራሱን ሶል አውጥተው እንደ ልክ ይጠቀሙበት፤ ከጣት በኩል 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር እያሉ ይቁረጡ። አንዴ ያጠረ ሶል ጫማ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል። ለስድስት ሳምንት ሳያቋርጡ ያድርጉት።

ሶሉ ጫናውን ያቀልለታል እንጂ ጅማቱን አያጠነክርም፤ ለዚያ ሁለት ልምምድ ያስፈልጋል። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ እግርዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ጣቶችዎን ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ፤ 10 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። ሁለተኛው በዴንማርክ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ነው፦ ደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ቆመው ከጣቶችዎ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ያድርጉ። በ3 ሰከንድ ተረከዝዎን ያንሱ፣ 2 ሰከንድ ላይ ይቆዩ፣ በ3 ሰከንድ ይውረዱ። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ቀን እየዘለሉ። ሲቀልልዎት ቦርሳ ውስጥ መጻሕፍት ጨምረው ይሸከሙና ቁጥሩን ይቀንሱ። ሩጫውን በግማሽ ይቀንሱ፤ ዳገትና ፍጥነት ለጊዜው ይቅሩ፤ ቤት ውስጥም በባዶ እግር ጣውላ ላይ አይመላለሱ።

በልክ ወደሚሠራው የሚኬደው ዝግጁው በግልጽ ረድቶ፣ ነገር ግን ከእግር ጋር አልስማማ ሲል ነው፦ በክብደትዎ ሥር ሲደፈጠጥ፣ ቅስትዎ (የውስጥ እግርዎ ጎድጎድ ያለው መሐል) ከፍ ያለ ሆኖ ሳይነካው ሲቀር፣ ወይም ሁለቱ እግሮችዎ በቅርጽ ሲለያዩ። ስድስት ሳምንት አድርገውት ምንም ካልተለወጠ ግን የአሥር እጥፍ ዋጋ ያለው ተመሳሳይ ነገር ይለውጠዋል ብለው አይጠብቁ። ያኔ መመርመር ያለበት ሕመሙ ራሱ ነው። ወደ ማሠራቱ ከደረሱ ለኢንሹራንሱ ሲደውሉ ኤል 3000 (L3000) የሚለውን የሶሉን የክፍያ ኮድ ጠቅሰው ይጠይቁ፤ ዋጋው የሚታሰበው ለአንድ እግር መሆኑን አይርሱ። ለሕክምና ከግብር በፊት ገንዘብ በሚቀመጥበት በኤችኤስኤ (HSA) ወይም በኤፍኤስኤ (FSA) ሒሳብ መክፈልም ይቻላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፤ ለግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀሁ ነው። ዝግጁ ሶል በጣም ረድቶኝ ነበር፤ ግን ክብደቴ 86 ኪሎ ስለሆነ በሁለት ወር ተደፈጠጠ። በልክ ላሠራ ብዬ አንድ ቦታ ብሄድ እግሬን ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ከበቡና በሳምንቱ ና አሉኝ። ልክ የሚወሰደው እንዲህ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ወረቀት ላይ የተከበበ እግር ርዝመትና ስፋት ብቻ ይሰጣል። ሶል የሚያስፈልገው ሦስተኛው ልክ ነው፤ የቅስቱ ከፍታና ተረከዙ የሚያዘምበት መጠን። ይህ የሚገኘው በጀሶ፣ በስፖንጅ ሳጥን ወይም በስካነር ነው።

ሦስቱም ይሆናሉ፤ የሚያበላሸው አያያዙ ነው። የስፖንጁን እንውሰድ። ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ጉልበትዎ ልክ ከቁርጭምጭሚትዎ በላይ ይሆናል። ባለሙያው ቁርጭምጭሚትዎን ይዞ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሳይወድቅ መሐል ላይ ያቆመዋል፤ የጉልበትዎ ሎሚ በሁለተኛው ጣት አቅጣጫ ይሆናል። ከዚያ እሱ ራሱ መጀመሪያ ተረከዙን፣ ቀጥሎ የውጭውን ጠርዝ፣ መጨረሻ ላይ ጣቶቹን ወደ ስፖንጁ ይጫናል። እርስዎ አይረግጡም። ተነስተው በሙሉ ክብደት ከረገጡ ቅስቱ ይወድቅና ሻጋታው የወደቀውን እግር ይቀዳል፤ ሶሉም ድጋፍ መሆኑ ይቀርና ያንኑ ውድቀት ተከትሎ ይሠራል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ምንም የማይረዳ ሶል ብዙ ጊዜ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ልክ ከመወሰዱ በፊት ባለሙያው በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሮጡ፣ አስፋልት ላይ ይሁን ኮረኮንች ላይ ሊጠይቅዎ ይገባል። የሚሮጡበትን ጫማ ይዘው ይሂዱ፤ አሮጌውንም ጭምር። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ሲያየው ተረከዙ ወዴት እንዳዘመመ ያነባል። ሳልቫጅ ጫማ ከሆነ ግን ያዘመመው በቀድሞው ባለቤት እግር ሊሆን ስለሚችል ይንገሩት። ደግሞም በአንድ እግር ቆመው ተረከዝዎን ሲያነሱ፣ አውራ ጣትዎ ወደ ላይ ሲታጠፍ፣ ባትዎ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ማየት አለበት።

ስለሚሠራበት ነገር ይጠይቁ። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ለቀላል ሯጭ 3 ሚሊ ሜትር፣ እንደ እርስዎ ክብደት ላለው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሠራበታል። ኢቫ የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ለሩጫ ይበልጥ ይመቻል፤ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ለእርስዎ ጠንከር ያለው ዓይነት ካልሆነ የዝግጁው ዕጣ ይደርሰዋል። ተረከዝ ሥር በውስጥ በኩል የሚጨመረው ሽብልቅ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ይበቃዋል። በላዩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ልባስ፣ ርዝመቱ እስከ ጣት። በአገራችን በልክ ጫማና ሶል መሥራት እንግዳ ሙያ አይደለም፤ አለርት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲሠራ ኖሯል። ነገር ግን ስሜት ላጣ እግር ወይም ለስኳር ሕመምተኛ የሚሠራው ቆዳን ከቁስል ለመጠበቅ ሲባል ለስላሳ ነው፤ ለሩጫ የሚፈለገው መሐሉ የማይደፈጠጥ ነው። ስለዚህ ሲያዝዙ «ለሩጫ» ማለትዎን አይርሱ።

ሲረከቡ ሶሎቹን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጧቸው፤ ከተወዛወዙ አይቀበሉ። ጫማ ውስጥ ሲገቡ የፋብሪካው ሶል መውጣት አለበት። ሁለት ሶል መደራረብ ከሁሉም የበዛው ስሕተት ነው፤ ተረከዝ ከጫማው እንዲወጣ፣ ጣትም እንዲጨነቅ ያደርጋል።

በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ይራመዱባቸው፤ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። ቀኑን ሙሉ አድርገዋቸው ካልከበድዎት በኋላ በቀላል ሩጫ 10 ደቂቃ ይጀምሩ፤ በየሩጫው 5 ደቂቃ ይጨምሩ። የፍጥነት ልምምድና ረጅም ሩጫ የመጨረሻ ናቸው፤ ጠቅላላው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ከቀረው አሁን አይጀምሩት።

ቅስት አካባቢ ቀላል ድካም የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ውጪ የሚመጣው ሁሉ ምክንያት አለው። ውስጠኛው ቅስት ላይ ውሃ ከቋጠረ ሶሉ እዚያ ላይ ከፍ ብሏል ወይም ጉብታው ከቦታው ሸሽቷል፤ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይሞረድ። እግርዎ ወደ ውጭ ወለም ወለም ካለ ወይም የቁርጭምጭሚትዎ ውጭ ካመመ ሽብልቁ በዝቷል። ተረከዝዎ ከጫማው ከወጣ ከተረከዙ ሥር ያለው ውፍረት ይቀነስ፤ ማሰሪያውንም እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ይሰሩት። ሲረግጡ ሲጥጥ የሚል ድምፅ ካለ ትንሽ የሕፃን ፓውደር ከሥሩ ይነስንሱ። ይህ ማስተካከያ ከዋጋው ጋር የተካተተ መሆኑን ቀብድ ሳይከፍሉ ይጠይቁ፤ ያለ አንድም ማስተካከያ ልክ የሚሆን ሶል ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ እግሬ ጠፍጣፋ ነው ብለው ሁሉም ሶል አድርግ ይሉኛል፤ ሕመም ግን የለኝም። አበበ ቢቂላስ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ ያሸነፈው?

መልስ፦ ሕመም ከሌለ ሶል አያስፈልግም። ጠፍጣፋ እግር ቅርጽ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ ብዙ ጥሩ ሯጮችም አላቸው። የአበበን ታሪክ ግን ለባዶ እግር ማስረጃ አያድርጉት። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ያለ ጫማ የሮጠው አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ከሮሙ ባነሰ ሰዓት፣ 2:12:11 ገብቷል። ይልቅ ከታሪኩ የሚወሰደው ምቾት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ወታደሮች ከተለያዩ ሶሎች የተመቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ተደረገ። የተለያዩ ሰዎች የተለያየ መረጡ፤ የመረጡትም ምንም ካላደረጉት ባነሰ ተጎዱ።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፤ በቆጂ ነው የምሠለጥነው። የግራ ቅልጥሜ ከውስጥ በኩል ያመኛል፤ በጣቴ ጫፍ የማሳየው አንድ ቦታ ነው። በፊት ስሮጥ ብቻ ነበር፤ አሁን ሌሊትም ይሰማኛል። አሠልጣኜ ሶል ቢገባበት ይሻልሻል ብሎ ገንዘብ ሊያዋጣልኝ ነው። ምን ዓይነት ልግዛ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሶሉን ተይው፤ ሩጫውንም ከዛሬ ጀምረሽ አቁሚ። ሯጮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው የቅልጥም ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከአጥንቱ ውስጠኛ ጠርዝ ጋር ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ተዘርግቶ የሚያም፣ ሰውነት ሲሞቅ የሚቀንስ ነው፤ ለእሱ ኪሎ ሜትር መቀነስ፣ ለአንዳንዱም ሶል ይረዳል። ያንቺ እንደዚያ አይደለም። በጣት ጫፍ የሚታይ፣ ሌሊት የማይተኛ ሕመም በድካም ብዛት አጥንቱ መሰንጠቅ መጀመሩን ያሳስባል። እንዲህ ያለ አጥንት ላይ ሶል አድርጎ መሮጥ ስንጥቁን ወደ ሙሉ ስብራት ሊያደርሰው ይችላል።

አዳማ ወይም አዲስ አበባ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ «ራጁ ምንም አላሳየም» ብለው ቢመልሱሽ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂ። ወጌሻ ቦታውን እንዳያሸው። እዚያ ቦታ ላይ የሚደርስ ስንጥቅ በጊዜ ከተያዘ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት እረፍት ይበቃዋል፤ ካላመመሽ በዚህ መሐል ብስክሌት መንዳት ትችያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሐኪሙ ሳታፍሪ ንገሪ። የወር አበባሽ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ቀርቶ ከሆነ ሰውነትሽ ከሚያቃጥለው ያነሰ እየበላሽ ይሆናል፤ አጥንትም የሚሳሳው በዚህ ነው። አሠልጣኝሽ ሊያዋጣው ያሰበው ገንዘብ ለመጓጓዣና ለምግብ ቢሆን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከ5 ኪሎ ሜትር በኋላ ከጣቶቼ ሥር ያለው መርገጫዬ ይቃጠላል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መሐል ጠጠር የረገጥኩ ይመስለኛል። ቤት ውስጥ ላደርገው የምችለው ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። በጣቶቹ አጥንቶች መሐል የሚያልፈው ነርቭ ሲጨመቅ እንዲህ ያደርጋል። መጀመሪያ የጫማዎን ሶል አውጥተው ወለል ላይ አድርገው ይቁሙበት። እግርዎ ከጎን ከፈሰሰ ጫማው ጠቧል፤ ሌላ ነገር ከመሞከርዎ በፊት ሰፋ ያለ ይፈልጉ። ማሰሪያውንም ከታችኛው ቀዳዳ ላይ አላልተው ይሰሩት።

ጫማው ከሰፋ በኋላ ካልተሻለ ፌልት ከሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ የተሠራ፣ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የእንቁላል ቅርጽ ትራስ ያስፈልግዎታል። ሥራው አጥንቶቹን ከኋላ አንስቶ ማራራቅ ነው፤ ስለዚህ የሚለጠፍበት ቦታ ሁሉን ይወስናል። የሚያምዎትን ቦታ በጣት ተጭነው ይፈልጉ፣ እዚያው ላይ የከንፈር ቀለም ይቀቡ፤ ካልሲ ሳያደርጉ እግርዎን ቀጥ አድርገው ጫማ ውስጥ አስገብተው አንዴ ይርገጡ። ሶሉን ሲያወጡ ምልክቱን ያገኙታል። የትራሱ የፊት ጠርዝ ከምልክቱ ወደ ተረከዝ በኩል ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይለጠፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትራሱን በቀጥታ ከሚያመው ሥር በማድረግ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ሕመሙ ይብሳል። መጀመሪያ ሁለት ፊት ባለው ፕላስተር ይለጥፉት፤ እየተራመዱ 2 ሚሊ ሜትር ወዲህና ወዲያ ያድርጉት፤ ቦታው ሲገኝ በማስቲሽ ያጣብቁት። መጀመሪያ ላይ ይጎረብጣል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን መኖሩ መረሳት አለበት። የስኳር ሕመም ካለብዎት ወይም ሁለቱም እግሮችዎ ከደነዘዙ ይህን በራስዎ አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ነታንያ፣ እስራኤል ነው የምኖረው። ስሮጥ፣ ደረጃም ስወርድ ጉልበቴ ከፊት በኩል ያመኛል። ሐኪሙ ሚድራሲም (የጫማ ሶል) ጻፈልኝ፤ ፊዚዮቴራፒም አዘዘ። ሁለቱንም ላድርግ? ሶሉስ ስንት ጊዜ ያገለግላል?

መልስ፦ በጉልበት ሎሚ ዙሪያ ላለ ሕመም እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ዝግጁ ሶል በስድስት ሳምንት ውስጥ ከጠፍጣፋ ሶል እንደተሻለ፣ ከፊዚዮቴራፒ ግን እንዳልበለጠ አሳይቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግም ከፊዚዮቴራፒው ብቻ አልተሻለም። አንዱን መምረጥ ካለብዎት ፊዚዮቴራፒውን ይምረጡ፤ የጭንና የዳሌ ጡንቻ ሲጠነክር ጥቅሙ ሶሉን ሲያወጡ አብሮ አይወጣም። ፈጣን እፎይታ ከፈለጉ ሶሉን ይጨምሩ። ከማዘዝዎ በፊት የቁፓት ሆሊምዎ (የጤና መድን ድርጅትዎ) ተጨማሪ መድን ምን ያህል እንደሚከፍልና ከየትኛው ተቋም ጋር እንደሚሠራ ይጠይቁ።

ለዕድሜው፣ ኢቫ አዘውትሮ ለሚሮጥ ሰው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያገለግላል፤ ፖሊፕሮፒሊኑ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ላዩ በየዓመቱ ገደማ እየታደሰ። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ጠርገው ጥላ ላይ ያድርቁት። በበጋ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ በሙቀት ተቀርጾ የተሠራ ነገር በሙቀት ይጣመማል። አዲስ ጫማ ሲገዙም ሶሉን ይዘው ይሂዱ፤ ተረከዝዎን ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ስለሚያደርገው የኋላ ግድግዳው አጭር የሆነ ጫማ እግርዎን አይዝም።